ማዕድ ማጋራት እና ማዕድ መቁረስ፦ በአራዳ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ላይ የቀረበ ነገረ መለኮታዊ ሂስ

ክረምት ሲገባ በአራዳ ክፍለ ከተማ መንደሮች ውስጥ የተለመደ ሥራ ይጀመራል። ባንኮች፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ኮሌጆችና የግል ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ይወጡና የአረጋውያንን ቤት ያድሳሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ደም ይለግሳሉ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ለተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል። ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ ተሰብስቦ «ማዕድ ማጋራት» ይካሄዳል። ይህ ሐረግ በተለይ ከ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በመንግሥት መግለጫም፣ በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያም፣ በቤተ ክርስቲያን መድረክም የዘወትር ቃል ሆኗል። ከእኛ አገልጋዮች ብዙዎቹ በጋባዥነት፣ በተጋባዥነት ወይም በጸሎት መሪነት ተካፍለውበታል።

ይህ ጽሑፍ ሥራው መልካም መሆኑን አይጠራጠርም። ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ሲጠገን እግዚአብሔር ይከብራል። ሂሱ የሚያተኩረው በአሰጣጡ መልክ ላይ ነው። የምትረዳዋ እናት በዚያ ሥራ ውስጥ ምን ቦታ አላት? የቤቱ እመቤት ናት ወይስ የሌሎች ደግነት የሚታይባት መድረክ? ክርክሬ አንድ ነው፦ የሚረዳውን ሰው የአስተናጋጅነት፣ የአባልነትና የሰጪነት ማዕረግ የሚነጥቅ ልግስና፣ ምንም ያህል ዕቃ ቢያድል፣ ማዕድ የሚለውን ስም ለመሸከም አይበቃም። ማዕድ የሚቆረሰው አብረው በሚቀመጡ ሰዎች መካከል ነውና።

የእድሳቱ ቀን ሲነበብ

የቤት እድሳት መርሐ ግብር የራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ባነር ይሰቀላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ያለበት ቲሸርት ይለበሳል፤ ኃላፊው አጭር ንግግር ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ምስማር ሲመታ ፎቶ ይነሳል። ቤቱ ሲያልቅ የቁልፍ ርክክብ ይደረጋል፤ ነዋሪዋም ማይክሮፎን ይቀርብላትና ትመርቃለች። በመርሐ ግብሩ ውስጥ የእርሷ ድርሻ ይህ ብቻ ነው። «ከጣሪያው በፊት መጸዳጃ ቤቱ ይቅደምልኝ» ብትል የምትናገርበት ሰዓት አልተያዘላትም።

ምርቃት በባህላችን የታላላቆች ሥልጣን ነው። የሚመርቅ ሰው ይሰጣል፤ የሚመረቅ ሰው ዝቅ ብሎ «አሜን» እያለ ይቀበላል። በርክክቡ ሥነ ሥርዓት ላይ ግን ምርቃቱ ለተቀበለችው ዕቃ የምትቆርጠው ደረሰኝ ይመስላል። ታላቅነቷ ሊታይበት የሚችለው ብቸኛ ጊዜ የባለጉዳይ ምስጋና ሆኖ ያልፋል።

መጠሪያውም ልብ ሊባል ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች በመግለጫዎች ሁሉ «አቅመ ደካሞች» ይባላሉ። ቃሉ በደግነት የተመረጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን በጎደለው ነገር ይሰይመዋል። አምስት ልጆች ጉሊት ቸርችራ ያሳደገች፣ ጎረቤት ሲታመም ያስታመመች፣ ለዕድሯ ሠላሳ ዓመት መዋጮ የከፈለች ሴት በአንድ ቀን «አቅመ ደካማ» ትሆናለች። እኛም ይህንን ቃል ሳንመረምር ወደ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያና ወደ ዲያቆናት መዝገብ አስገብተነዋል።

በጎ ፈቃድ ወይስ ዘመቻ

ሁለተኛው የሚመረመር ቃል «ፈቃድ» ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ተሰልፎ ለማኅበረሰብ የሚሠራበት ልማድ ከዘመቻ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ብዙዎቹ በእውነተኛ የአገር ፍቅር ሄደዋል፤ መሄድ አለመሄዱ ግን ለምርጫቸው የተተወ አልነበረም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ ቦንድ የወር ደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ የከፈለ ሠራተኛም፣ ግድቡን እየወደደ እንኳ፣ «ፈቃደኛ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው ያውቃል። አለቃ ባለበት ዝርዝር ላይ ስምን አለማስመዝገብ ቀላል አይደለም።

የዛሬው የመሥሪያ ቤት በጎ ፈቃድ የዚህ ልማድ ወራሽ ነው። ጥሩ ጎኑን መካድ ተገቢ አይሆንም። በመስኮት ጀርባ ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ የሚውል የባንክ ሠራተኛ ጭቃ ሲረግጥ፣ ጠባቂውና ሥራ አስኪያጁ አንድ ቆርቆሮ ሲሸከሙ፣ በሌላ ቀን የማይገኝ መተያየት ይፈጠራል። ነገር ግን ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጪና ትእዛዝ መጥቶ በማግስቱ ወደ ቢሮው ከተመለሰ፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር የተሳሰረው መሥሪያ ቤቱ እንጂ እርሱ አይደለም። ስሟን ሳያውቅ ሊለያት ይችላል።

ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9 ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ ይህንን አደጋ ያውቀዋል። ሐዋርያዊ ሥልጣን ነበረው፤ ሆኖም በትእዛዝ እንደማይናገር ግልጽ ያደርጋል፤ በኀዘን ወይም በግድ የሚወጣ ስጦታንም አይፈልግም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ምሳሌ አድርጎ ያቀረባቸው ሰዎች ማንነት ነው። የመቄዶንያ አማኞች ራሳቸው በጥልቅ ድህነት ውስጥ ነበሩ። ለመስጠት የለመኑት እነርሱ ናቸው። ጳውሎስ ይህን መብት ጸጋ ይለዋል። ድሃ የሚለምነው እንዲሰጠው ብቻ ነው ብለን ለምናስብ ሁሉ ምዕራፉ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በመቄዶንያ ድሃው የለመነው መስጠት እንዲፈቀድለት ነበርና።

ደቦ፣ ዕድር እና የተቀባዩ ክብር

ለዚህ እውነት ከራሳችን ባህል ምስክር አለ። በገጠር ደቦ ሲጠራ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ የአንዱን ማሳ ያርማል ወይም ያጭዳል። የተረዳው ሰው ግን ዳር ቆሞ አይመለከትም። ጠላው የእርሱ ነው፤ እንጀራውና ወጡ የእርሱ ነው፤ ሠራተኞቹ በእርሱ ግቢ እንግዶች ናቸው። ችግር ያለበት ሰው በዚያ ቀን የቤቱ ጌታ ሆኖ ይውላል። ወንፈል ደግሞ ጉልበትን በጉልበት ይመልሳል፤ ዛሬ የተረዳ ነገ ይረዳል። አዲስ አበባ ላይ ጣሪያዋ የሚታደስላት እናት ረከቦት አቅርባ ቡና ለማፍላት ብትነሳ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ እንግዳ ልትቀበል ነው። የታሸገ ውኃውንና ምሳውን በመኪና ይዞ የመጣ ቡድን ግን ቡናውን ለመጠጣት ጊዜ የለውም።

የከተማው ዕድርም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። አባሉ በየወሩ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ኀዘን ሲደርስበት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበርና ዕቃ ይመጣል፣ ገንዘብም ይሰጠዋል። ይህንን የሚቀበለው በመብቱ ነው። ማንም ፎቶ አያነሳውም፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ እርሱ የሌላውን ድንኳን ይተክላል። ሰጪና ተቀባይ በየተራ የሚለዋወጡበት ስለሆነ ዕድር ውስጥ «አቅመ ደካማ» የሚባል ቋሚ መደብ አይኖርም።

ዕድርን ግን እንከን የለሽ አድርገን አንሥለው። መዋጮ ያቋረጠ ይሰረዛል። በፒያሳ ጎዳናዎች የሚያድሩ፣ በጊዮርጊስ ደጅ እጃቸውን የሚዘረጉ፣ ከክፍለ አገር መጥተው ጫማ የሚጠርጉ ልጆች ስማቸው በማንም መዝገብ ላይ የለም። እኛ ወንጌላውያን ደግሞ የዕድር በር ሲዘጋ ምን እንደሚሰማ ከታሪካችን እናውቃለን፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በብዙ ቦታ በእምነታቸው ምክንያት ከዕድር ተባርረዋል፤ ለሟቾቻቸው መቃብር ተከልክለዋል። ከመዝገብ መሰረዝን የቀመሰ ሕዝብ የሌለውን ሰው ስም ለመመዝገብ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት።

የፒያሳ ጣሪያዎች ታሪክ

ልግስና ታሪክን ካላወቀ ራሱን ያታልላል። አራዳ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተመሠረተ የከተማዋ ገበያ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ፒያሳ የሚለው ስም መጣ፤ የአገሬው ሰው ገበያም ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተገፋ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ተከራዩ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ ኖረ፤ ግን ባለቤት አልሆነም። የአከራዩ ገቢ ቤቱን ለማደስ አይበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ማደስ አይችልም። ግድግዳው በሁለቱ መካከል አረጀ።

እንግዲህ በብዙ የአራዳ ጓሮ የሚያፈሰው ቆርቆሮ የነዋሪዋ ድህነት ብቻ ያመጣው አይደለም። የአስተዳደር ታሪክ ውጤት ነው። አንድ ኩባንያ የቀበሌ ቤት ሲያድስ በአንድ በኩል ተከራይዋን ይረዳል፤ በሌላ በኩል የአከራዩን ግዴታ ይወጣል። ይህ በንግግሩ ውስጥ ካልተነሣ ጉድለቱ ሁሉ በእርሷ «አቅም» ላይ ይወድቃል። ነቢያቱ ለመበለቲቱ እህል ስጡ ብቻ አላሉም፤ በአደባባይ ፍርዷን እንዲያዩላትም ጠይቀዋል። ኢሳይያስ 1 ይህንን ከመሥዋዕት በፊት ያስቀምጠዋል።

ጥያቄው በ2016 ዓ.ም. ከበፊቱ ይልቅ ተሳለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ፤ ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቦታውን ለመለየት ይቸገራል። ከተማ መታደሱ፣ ሰዎች ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘታቸው መልካም ነው፤ ብዙዎች ምትክ ቤት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ምትክ ቤት የሚተካው ክፍሉን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያለ የኖረ ሕዝብ ጎረቤቱ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሲሄድ፣ የዕድሩ ጥሩምባ የሚሰማበት ሰፈር ሲጠፋ፣ በዱቤ ትሰጥ የነበረችው ባለሱቅ ስትርቅ፣ ትናንት በመዋጮ ሰጪ የነበረ ሰው ዛሬ የተቀባዮች ዝርዝር ላይ ሊገኝ ይችላል። የጎደለበት አባልነት ነው፤ አምስት ሊትር ዘይት ይህንን አይሞላም።

መጽሐፍ የድሃውን ደፍ ሲጠብቅ

ዘዳግም 24፥10–11 ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። አበዳሪው ደጅ ይቆማል፤ መያዣውን ይዞ የሚወጣው ባለቤቱ ነው። ሕጉ ትንሽ ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን አስደናቂ ነው። ሰውዬው ዕዳ አለበት፤ ቢሆንም ደፉ የራሱ ነው። በችግሩ ምክንያት ቤቱ የሕዝብ መንገድ አይሆንም። ካሜራ ይዘን የእናቶችን መኝታ፣ የተቀደደ ፍራሻቸውንና ባዶ ድስታቸውን ለማሳየት ስንገባ ይህ ሕግ ይወቅሰናል። እኛ እኮ አበዳሪዎች እንኳ አይደለንም፤ ሰጪዎች ነን እንላለን።

«ሰዎች መልካሙን ሥራ አይተው እንዲነሣሡ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ማቴዎስ 5፥16 መልካም ሥራ እንዲታይ ያዝዛል፤ ማቴዎስ 6፥1–4 ደግሞ ምጽዋት በስውር እንዲሆን። ሁለቱ የሚጋጩ አይደሉም። በመጀመሪያው ሥራው ታይቶ የሚከብረው አብ ነው፤ በሁለተኛው የሚወገዘው በድሃው በኩል ራሱን የሚያከብር ሰጪ ነው። የባነሩ ስምና የተቀባይዋ ፊት ጎልተው ከታዩ የትኛው ክፍል እንደተፈጸመ መለየት አያዳግትም።

የማዕድን ነገር በቀጥታ የሚዳኘው 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ነው። በቆሮንቶስ ምግብ አልጠፋም ነበር። ያለው ቀድሞ ይበላል፣ ይሰክራል፤ የሌለው ይራባል። ጳውሎስ እንዲህ ያለው እራት የጌታ እራት ሊባል እንደማይችል ይነግራቸዋል፤ የከሰሳቸውም በስስት ብቻ ሳይሆን የሌላቸውን በማሳፈራቸው ጭምር ነው። ረሃብና ኀፍረት በአንድ ወቀሳ ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ረሃብን አስታግሶ ኀፍረትን የሚያበዛ መርሐ ግብር በጳውሎስ ሚዛን ላይ ግማሽ ሥራ ነው። ኮይኖኒያ የምንለው ቃል የጋራ ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ የጋራ ያልሆነ ነገር ሲታደል ዕደላ ሊባል ይችላል።

ከዳዊት በፊት ናታን ወደ ቤታችን ይግባ

ይህ ሁሉ ስለ ባንኮችና ስለ ሚኒስቴሮች ብቻ ቢነገር ግብዝነት ነበር። በፋሲካ ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ድሆችን አሰልፈን ስማቸውን በድምፅ ማጉያ የጠራንባቸው ጊዜያት አሉ። ዘይቱን ከመቀበላቸው በፊት ስብከት እንዲሰሙ አድርገናል፤ ከተቀበሉ በኋላ መድረክ ላይ አውጥተን አስመስክረናል። የተረጂዎች መዝገብ አለን፤ ከመዝገቡ ውስጥ አንዱን እንኳ ለሽማግሌነት ወይም ለዲያቆንነት ያጨ ጉባኤ ግን ብዙ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች መበለቶች በዕለት ማዕድ ቸል በተባሉ ጊዜ የተመረጡት ሰባት ሰዎች ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ማኅበሩ ማዕዱን ላጉረመረመው ወገን አሳልፎ የሰጠ ይመስላል።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ በሴሚናሪዎቻችን ይጠናል። ደብዳቤው የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት እንዳይነጣጠሉ ይሟገታል፤ ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ስለሆነ። ከዚሁ ጋር የሚሰነዘር ሌላ ወቀሳም አለው፦ ምን እንደሚረዳ የሚወስነው መስፈርት በሰጪዎች ብቻ፣ ተቀባዮቹን ሳያማክር የወጣ ነው። እኛ ይህንን ደብዳቤ ስንጠቅስ ዘወትር ራሳችንን በተቀባዩ ወንበር እናስቀምጣለን። በአራዳ ግን ሰጪዎቹ እኛ ነን። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ዘንድሮ ዱቄት ይሁን» ብለው ሲወስኑ፣ ያቺ እናት ለጉዲና ደብዳቤ የራሷን ግልባጭ ልትጽፍልን ትችላለች።

የተሻሉ ምሳሌዎች ከእጃችን አልራቁም። ተስፋ ድርጅት በቸርችል ጎዳና አካባቢ ለዓመታት የምግብ ኩፖን ለሕዝብ ሲሸጥ ኖሯል፤ አላፊ አግዳሚው ኩፖኑን ገዝቶ ለለመነው ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩም ሄዶ ተቀምጦ ይመገባል። እዚህ ባነር የለም፤ የሚሰለፍ ሰጪም የለም። ጉድለቱ ሰጪው ከማዕዱ አለመገኘቱ ነው። የኩፖኑን ስውርነት ከደቦው አብሮ መቀመጥ ጋር ማጣመር ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የማይቻል ሥራ አይደለም።

ተቃውሞና መልስ

«የራበው ሰው የነገረ መለኮት ክርክር አይበላም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። ያዕቆብ 2፥15–16 ባዶ ቃል ሰጥተው የሚያሰናብቱትን ይወቅሳል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የዘንድሮውን ዕደላ የሚሰርዝ ጉባኤ ካለ ጽሑፉን አልተረዳውም። ዱቄቱ ይሰጥ። ነገር ግን ያዕቆብ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ድሃውን «እዚያ ቁም» ወይም እግሬ ሥር ተቀመጥ የሚለውን ጉባኤም ይከሳል። ዳቦውና መቀመጫው የአንድ ምዕራፍ ጉዳዮች ናቸው። አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው አያስፈልግም፤ ወጪውም አይጨምርም። ስም በድምፅ ማጉያ አለመጥራት፣ ካሜራን ከደፉ ውጭ ማስቀረት፣ ከእድሳቱ ሳምንት በፊት ሄዶ «ምን ይቅደም?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍሉም።

በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ምእመናን ያሏችሁ መጋቢዎች ደግሞ ልዩ ዕድል አላችሁ። በየክረምቱ ቲሸርት ለብሰው የሚወጡት ብዙዎቹ የእናንተ በጎች ናቸው። ከሥራው አታስቀሯቸው። ያቺን እናት በስሟ እንዲያውቋት፣ ቡናዋን እንዲጠጡ፣ በጥቅምት ያለ ቲሸርት ተመልሰው እንዲጠይቋት አስተምሯቸው። ኤልያስ በሰራፕታ የመጨረሻ ዱቄቷን ከያዘች መበለት እንጎቻ የለመነው ከጭካኔ አልነበረም፤ ተአምሩ በእርሷ ማድጋና በእርሷ እጅ ተፈጸመ፤ ነቢዩም የእርሷ እንግዳ ሆኖ ኖረ። ጌታም በሲካር ጉድጓድ አጠገብ የሕይወትን ውኃ ከመስጠቱ በፊት ውኃ ለምኗል።

ከፒያሳ ተነሥተው በከተማዋ ዳርቻ የተበተኑ አባላት ያሏቸው አጥቢያዎችም ከጥቅል በፊት የሚሠሩት ሥራ አለ። የትኛው ቤተሰብ የትኛው ሳይት እንደሄደ ይመዝገብ፤ በዚያ ካሉት ሦስት አራት ቤተሰቦች አንዱ የጸሎት ቤት ይሁን፤ ዕድር ከሌለ ለመጀመር ይታገዙ፤ መዋጮ መክፈል ለማይችለው ቤተ ክርስቲያን የመዋጮውን ገንዘብ በስውር ትክፈልለት። እንዲህ ሲሆን ሰውየው በዕድሩ መዝገብ ላይ እንደማንኛውም አባል ይጻፋል፤ ጎረቤቱ ባዘነ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፤ በእርሱም ተራ ይተከልለታል። ለዲያቆናት ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ለመጪው ፋሲካ የተረጂዎች ዝርዝር ሲዘጋጅ ከስሙ ጎን አንድ ዓምድ ይጨመር፤ በዚያ ላይ ይህ ሰው ለጉባኤው ምን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ራሱን ጠይቆ፣ ይጻፍ። ዓምዱ ባዶ የሚሆንበት ስም የሚገኝ አይመስለኝም።